ከባልደረባ ወደ ባልደረባ

እ.ኤ.አ. በ1962 አንዲት የገጠር ልጅ ወደ አዲስ አበባው ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል መጣች። ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ገደማ ነበር። አራት ቀን አምጣ የወለደችው ልጅ ሞቷል። ምጡ በውስጧ ጉዳት አድርሶባት ሽንቷን መቆጣጠር አትችልም። ፊደል አልቆጠረችም። ስሟ ማሚቱ ጋሼ ይባላል።

ያከሟት ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን ነበሩ። ካትሪን አውስትራሊያዊት፣ ሬጂናልድ የኒውዚላንድ ተወላጅ፣ ሁለቱም የማህፀንና የጽንስ ሐኪሞች ነበሩ። «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የሥራ ማስታወቂያ አይተው፣ የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ለማቋቋም እ.ኤ.አ. በ1959 ለሦስት ዓመት በውል የመጡ ናቸው። ፊስቱላ የሚባለውን ጉዳት በአገራቸው አይተውት አያውቁም ነበር። ሕክምናውን መጽሐፍ እያገላበጡ፣ ከሌላ አገር ሐኪሞች ጋር እየተጻጻፉ ተማሩት።

ልጅቷ ከታከመች በኋላ ወደ መንደሯ አልተመለሰችም። እዚያው ቀርታ አልጋ ታነጥፍ፣ ወለል ትወለውል፣ እንደ እሷ ተጎድተው የመጡትን ታጥብ ጀመር። ኋላም ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብታ መሣሪያ ማቀበል ያዘች። ዶክተር ሬጂናልድ «አቀባይ ነሽ» ብለው እዚያው አላቆሟትም። መጀመሪያ ትንሿን ነገር፣ ቀጥሎ ከበድ ያለውን እንድትሠራ ፈቀዱላት። ቀዶ ሐኪሙ ከጎኗ ቆመው ያያሉ፣ ያርማሉ፣ እንደገና ይሰጧታል። ዓመታት ሲያልፉ ሙሉውን ቀዶ ሕክምና በራሷ እጅ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትሠራ ጀመር።

ያቺ ልጅ ወይዘሮ ማሚቱ ሆኑ። ፊስቱላ መጠገን ሊማሩ ከውጭ አገር የሚመጡ ስፔሻሊስቶች ከጎናቸው ቆመው የሚማሩባቸው ባለሙያ ወጣቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ሲሰጥ ከሐምሊኖች ጋር ተጋሩት። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ቢቢሲ በዓለም ተጽዕኖ ፈጣሪ ናቸው ካላቸው መቶ ሴቶች አንዷ ሆኑ። ፊደል የቆጠሩት ቀዶ ሕክምናውን ከተካኑ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው።

ይህን ታሪክ የሚሰማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያደንቀው የወይዘሮ ማሚቱን ብርታት ነው፤ ይገባቸዋል። እኔ ግን ዓይኔ የሚያርፈው በዚያ የቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ በሁለት የሥራ ባልደረቦች መካከል በተደረገው ነገር ላይ ነው። ሐምሊኖች አንድ እምነት ነበራቸው፦ ባሏ የተዋት፣ ጎረቤት የራቃት፣ ሽታዋን ፈርታ ከሰው የተደበቀች ሴት ሙሉ ሰው ናት የሚል። ይህን በንግግር ሊያስተምሩ ይችሉ ነበር፤ ንግግሩን የሚሰማ ሠራተኛም «እውነት ነው» ብሎ ወደ ሥራው ይመለስ ነበር። እነሱ ግን ያቺን ሴት የሥራ ባልደረባቸው አደረጓት፤ ከዚያም እጅግ ጥንቃቄ የሚጠይቀውን ሥራ በእጇ አስያዟት። ከዚያ ዕለት በኋላ በዚያ ሆስፒታል አንድም ነርስ፣ አንድም ጽዳት ሠራተኛ ሐምሊኖች ስለ ታካሚዎቻቸው ምን እንደሚያምኑ መጠየቅ አላስፈለገውም።

በዚህ ጽሑፍ ልናገረው የምፈልገው ይኸው ነው። አንድ ሰው የሚያምንበት ነገር ወደ ሥራ ባልደረባው የሚያልፈው ባለቤቱን አንዳች ነገር ሲያስከፍለው፣ ለባልደረባው ደግሞ አንዳች ነገር ሲሰጠው ነው። ሌላው ሁሉ ማስታወቂያ ነው።

ማስታወቂያው ደግሞ ሞልቷል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት በር አልፎ ግድግዳው ላይ «ራዕይ፣ ተልዕኮ፣ እሴቶች» የሚለውን ያላየ ባለጉዳይ የለም። ከሥሩ በነጥብ በነጥብ የተዘረዘሩ ቃላት አሉ፤ ብዙውን ጊዜም አጠገቡ የአሥራ ሁለቱ የሥነ ምግባር መርሆዎች ዝርዝር ይሰቀላል። በ1993 ዓ.ም. የተቋቋመው የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን ለዓመታት ሲያስተምራቸው የኖረ መርሆዎች ናቸው፦ ቅንነት፣ ታማኝነት፣ ግልጽነት፣ ምስጢር መጠበቅ፣ ሐቀኝነት፣ ተጠያቂነት እያለ ይቀጥልና አርአያ መሆን ላይ ይደርሳል። ወረቀቱን አልንቀውም። መብቱን የሚያውቅ ባለጉዳይ ጣቱን ቀስሮ «እዚህ የጻፋችሁት ይህ ነው» ለማለት ይጠቅመዋል። አንድ ወጣት ሠራተኛም የሚሠራበት ቤት ቢያንስ በቃል ምን እንደሚጠብቅበት ያይበታል። ችግሩ ያ ወጣት በዚያው ሳምንት ሁለት ዝርዝር ማንበቡ ነው። አንዱ ግድግዳው ላይ ያለው ነው። ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ ያለው ነው፦ ማን ስንት ሰዓት ገብቶ ስንት ሰዓት ላይ እንደ ፈረመ፣ «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚባልለት ኃላፊ የት እንዳለ፣ ሦስቱ ፕሮፎርማ ከአንድ ሱቅ መውጣታቸውን ግዥ ክፍሉ እያወቀ ዝም ማለቱን። ሁለቱ ዝርዝሮች ሲጋጩ ወጣቱ የሚያምነው ሁለተኛውን ነው። ሊፈረድበትም አይገባም፤ በዚያ ቤት የሚያኖረውን እያጠና ነው።

ሐምሊኖች ኋላ የከፈቱትን የፊስቱላ ሆስፒታል ነገር ደጋግሜ የማነሳው እዚያ ሁለቱ ዝርዝሮች አንድ ስለሆኑ ነው። ይህ ደግሞ በአጋጣሚ አልሆነም።

መጀመሪያ ሕመሙን እንወቀው። ምጥ ቀናት ሲወስድ የሕፃኑ ጭንቅላት የእናቲቱን የውስጥ ገላ ከዳሌ አጥንቷ ጋር አጣብቆ ይጫነዋል። ደም ወደዚያ ቦታ መድረስ ያቆማል፤ ገላው ይሞታል፤ ሞቶ ሲወድቅ በፊኛና በብልት መካከል፣ አንዳንዴም በሰገራ መውጫው አንጀት በኩል ቀዳዳ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ሽንት ወይም ሰገራ ያለ ፈቃዷ ይፈስሳል። በወቅቱ በቀዶ ሕክምና ብትወልድ ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስባትም ነበር። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። እናት ሐዘን ላይ እያለች ሽታው ይመጣል፤ ከሽታው ጋር መገለሉ ይከተላል። ብዙዎቹ ሆስፒታል የሚደርሱት ከወራት፣ አንዳንዶቹም ከብዙ ዓመታት ተደብቆ መኖር በኋላ ነው።

እንዲህ ያለች ሴት በር ላይ ስትደርስ የሚቀበላት ሰው ፊት ላይ የሚታየው ነገር ከመድኃኒቱ ቀድሞ ይደርሳታል። አፍንጫ መያዝ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማለት፣ ወንበሩን መጥረግ ይበቃል። ይህን በመመሪያ ማገድ ይቻላል? «አፍንጫ መያዝ ክልክል ነው» ብሎ መለጠፍ ይቻላል፤ የሰውን ፊት ግን መመሪያ አያዘውም። ሐምሊኖች ያገኙት መንገድ ሌላ ነበር። ታካሚዎቹን የሚንከባከቡት ረዳት ነርሶች ብዙዎቹ ራሳቸው ታካሚ የነበሩ ሴቶች እንዲሆኑ አደረጉ። አልጋ የምታነጥፈው ሴት ትናንት በዚያው አልጋ ላይ የተኛች ናት። ለአዲሷ ታካሚ «ይድናል» ስትላት ቃሉ ከመጽሐፍ የመጣ አይደለም። አጠገቧ የምትሠራው ከኮሌጅ የወጣች ነርስም በየቀኑ ይህን ታያለች፤ ሁለት ወር ሳይሞላት የእሷም ፊት ይለወጣል።

ሌላው ነገር ተራ ሊመስል ይችላል። ሕክምናው በነፃ ነው። አንዲት ሴት ድና ስትወጣ አዲስ ልብስ ይሰጣታል፤ ወደ አገሯ የሚያደርሳት የመሳፈሪያ ገንዘብም እንዲሁ። ልብሱ የሕክምና ጥቅም የለውም። ግን አስቡት፦ ያንን ልብስ የሚገዛ ግዥ ክፍል አለ፤ የሚያስቀምጥ ዕቃ ግምጃ ቤት አለ፤ የመሳፈሪያውን ብር ቆጥሮ የሚሰጥ ገንዘብ ያዥ አለ። ታካሚ አይቶ የማያውቅ የሒሳብ ሠራተኛ ሳይቀር በየሳምንቱ «ይህች ሴት በክብር ወደ ቤቷ ትመለሳለች» የሚለውን እምነት በእጁ ይፈጽማል። የሁለት ሰዎች የልብ ሐሳብ በዚህ መንገድ የመቶ ሰዎች የዕለት ሥራ ሆነ። ስለ መሥሪያ ቤት ባህል ከሚሰጡ ብዙ ሥልጠናዎች ይልቅ ይህች ልብስ ታስተምረኛለች።

እዚህ ላይ ዝም ብሎ በሥራ ማሳየት ይበቃል ወይ የሚል ጥያቄ ይነሳል። በእኛ አገር ጥሩ ሰው ስለ ጥሩነቱ አይናገርም፤ «ሥራው ይናገርለታል» ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ሥራ ያለ ቃል ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ የሚነበብ መሆኑ ነው። ጉቦ አልቀበልም ብሎ ዝም ያለ ሠራተኛ በአጠገቡ ላለው ሰው ፈሪ ሊመስለው ይችላል፣ ወይም የሚበልጥ የሚጠብቅ፣ ወይም ባልደረቦቹን ሊያሳጣ የተነሳ። ስህተቱን ለአለቃው የነገረ ነርስም ሌሎቹ «ራሱን አጋለጠ» ብለው ያዝኑለታል እንጂ ለምን እንዳደረገው አያውቁም።

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ኤሚ ኤድመንድሰን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ ሆስፒታሎች ይህን የሚያስረዳ ነገር አገኙ። በተለያዩ የሕክምና ክፍሎች የሚሠሩ ነርሶች በመድኃኒት አሰጣጥ የሚፈጽሙትን ስህተት ያጠኑ ነበር። የተሻለ የሥራ መንፈስ ያለው ክፍል ስህተቱ ያነሰ ይሆናል ብለው ጠበቁ። መረጃው የተገላቢጦሽ ሆነ፤ በጥሩ ሁኔታ የሚመሩት ክፍሎች ብዙ ስህተት ተመዝግቦባቸው ተገኘ። ጠለቅ ብለው ሲያዩት እነዚህ ክፍሎች የሚሳሳቱት ከሌሎቹ በልጠው ሳይሆን ስህተታቸውን በግልጽ የሚናገሩ ሆነው ነው። በሌሎቹ ክፍሎች ስህተቱ ነበር፤ ግን ይደበቃል። ልዩነቱን የፈጠረችው ኃላፊዋ ነርስ ናት፦ ሰው ተሳስቻለሁ ብሎ ሲመጣ የምታደርገው ነገር። ኤድመንድሰን እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተሙት ጥናት ይህን ሐሳብ በዓለም ዙሪያ አስተዋወቀው።

በእኛ መሥሪያ ቤቶች ይህ ምን ያህል እንደሚጎድል የሚያውቅ ያውቀዋል። የበታች ሠራተኛ አለቃውን «እዚህች ጋ ተሳስተዋል» ለማለት ይሉኝታው ይይዘዋል፤ አለቃውም «አጣርቼ እነግርሃለሁ» ማለት ክብሩን የሚቀንስ ይመስለዋል። ሐቀኝነት እሴቴ ነው የሚል ኃላፊ ካለ የሚጀምርበት ቦታ ይህ ነው። በስብሰባ ፊት «ባለፈው ሳምንት የወሰንኩት ውሳኔ ስህተት ነበር፤ እገሊት አስታውሳኛለች፤ አመሰግናታለሁ» ቢል፣ ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ለአንድ ዓመት ትሠራለች። በዚያው ክፍል ያለ ማንኛውም ሠራተኛ በሚቀጥለው ጊዜ አፉን ከመክፈቱ በፊት የሚያስታውሳት እሷን ነው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው እንምጣ፤ የምናምንበት ነገር ከባልደረቦቻችን ጥቅም ጋር ወደሚጋጭበት። ብዙ አንባቢ የሚያውቀውን ነገር እናስብ። አራት ሰዎች ለመስክ ሥራ ከአዲስ አበባ ወጡ፦ ቡድን መሪው፣ አንድ ነባር ባለሙያ፣ ሾፌሩና ቅርብ ጊዜ የተቀጠረች ወጣት። ለአምስት ቀን የታሰበው ሥራ በሦስት ቀን አለቀና ተመለሱ። ውሎ አበሉ ግን የሚሞላው የአምስት ቀን ተብሎ ነው። ቡድን መሪው ፈርመው ቅጹን ያሳልፋሉ። ነባሩ ባለሙያ ይፈርማል። ቅጹ ወጣቷ ፊት ይደርሳል፤ ሾፌሩ ተራውን ይጠብቃል።

ፍርድ ከመስጠታችን በፊት ሰዎቹን እንያቸው። ከመካከላቸው ሌባ ነኝ ብሎ የሚያስብ የለም። ደመወዙ ከቤት ኪራይ አያልፍም። የሁለት ቀን አበል ለሾፌሩ የልጆች ደብተርና ጫማ ነው። ቡድን መሪውም ለራሳቸው ብቻ ብለው አላደረጉት ይሆናል፤ «ልጆቼ ይጠቀሙ» ብለው ነው። ለዚህ ነው ጉዳዩ ከባድ የሚሆነው። ወጣቷ እምቢ ብትል የምትገፋው ገንዘቡን ብቻ አይደለም፤ ደግነት ለብሶ የመጣ ነገርን ነው።

ብትፈርም ነገሩ በዚያው ያልፋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ይቀላታል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ቡድን መሪ ስትሆን ቅጹን የምታሳልፈው እሷ ትሆናለች። «ሌቦች ናችሁ» ብላ ብትነሳ ደግሞ ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ይዘጉባታል፤ ያመነችበትም ነገር አብሯት ይባረራል። ሦስተኛ መንገድ አለ። ጠባብ ነው፤ ግን አለ።

«ጋሼ፣ የኔን የሦስት ቀን ብሞላው ቅር ይልዎታል?»

«ምነው ልጄ? ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩም። ያላደርኩበትን አበል ስወስድ ልቤ አይረጋም። ስለ እናንተ አይደለም የማወራው፤ የራሴን ነው።»

ይህች መልስ ሦስት ነገር አላት። ምክንያቱን በግልጽ ትናገራለች፤ ስለዚህ ለሐሜት ቀዳዳ አትተውም። የምትናገረው ስለ ራሷ ነው፤ ስለዚህ ሌላውን አታዋርድም። የቡድን መሪውንም ማዕረግ ጠብቃ ትጠይቃለች፤ ስለዚህ እሳቸው ክብራቸው ሳይነካ ሐሳባቸውን መለወጥ ይችላሉ። ይለውጣሉ ማለቴ አይደለም። ላይለውጡ ይችላሉ። ለሚቀጥለው መስክም ስሟ ከዝርዝሩ ሊወጣ ይችላል፤ እንዲህ ያለው ነገር ዋጋ አያስከፍልም ብሎ ለወጣት የሚመክር ሰው እየዋሸ ነው።

ሆኖም ተራውን የሚጠብቀውን ሾፌር አንርሳ። ሰሎሞን አሽ የተባሉት የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ያደረጉት ሙከራ የሚመለከተው እሱን ነው። አንድ ሰው ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ይቀመጣል። ሦስት መስመሮች ይታዩታል፤ ከመካከላቸው ከአንድ ሌላ መስመር ጋር እኩል የሆነውን እንዲናገር ይጠየቃል። ጥያቄው ሕፃን የሚመልሰው ነው። ሌሎቹ ግን አስቀድመው የተነገራቸው ናቸው፤ ሁሉም ተራ በተራ ያንኑ የተሳሳተ መልስ ይሰጣሉ። ዓይኑ እውነቱን እያየ ከሦስት መልስ ወደ አንዱ በሚጠጋ ጊዜ ተፈታኙ ከብዙኃኑ ጋር ተሳሳተ። አሽ ከዚያ አንድ ነገር ለወጡ፦ ከተቀመጡት መካከል አንድ ሰው ብቻ እውነቱን እንዲናገር አደረጉ። የተፈታኙ ስህተት ወደ ቀድሞው ሩብ ወረደ። ብዙኃኑ እንዳሉ ናቸው፤ የተለወጠው አንድ ሰው ነው።

ስለዚህ ወጣቷ የሦስት ቀን ስትሞላ ቡድን መሪውን ባትመልስ እንኳ ለሾፌሩ በር ትከፍትለታለች። ምናልባት እሱም ልቡ አልወደደውም ነበር፤ ምናልባት ብቸኛው ሰው እኔ ነኝ ብሎ አስቦ ነበር። ከዚያ ዕለት ጀምሮ በዚያ መኪና ውስጥ ሁለት ሰዎች ይሆናሉ። በሥራ ቦታ አንድ እምነት ከአንድ ሰው ወደ ሌላው የሚያልፈው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ዓይነት ጸጥ ባለ ጊዜ ነው። ነገሩ ከአበል አልፎ ወደ ከባድ ዝርፊያ ሲሄድ ግን በግል መናገር አይበቃም። ለዚያ የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ፤ ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ቢያነበው ይጠቀማል።

ማንኛውም የግል እምነት ግን ወደ ቢሮ ይምጣ ማለት አይደለም፤ በዚህ ላይ አቋሜ ጠንካራ ነው። ሥልጣኑን ተጠቅሞ ሃይማኖቱን ለበታቾቹ የሚሰብክ ኃላፊ እሴቱን እያካፈለ አይደለም፤ በሰው ፍርሃት እየተጠቀመ ነው። የወንዙን ልጅ ቀጥሮ «ወገንን መርዳት ባህላችን ነው» የሚልም እንዲሁ። በባህል ስም የሚበላው የሌላ ሰው ዕድል ነው። ልዩነቱን ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃኛል፦ የኔን እምነት የማይጋራው ባልደረባዬ ከዚህ ድርጊት ይጠቀማል ወይስ ይጎዳል?

ሐምሊኖች አጥባቂ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ይህንንም ደብቀውት አያውቁም፤ ኢትዮጵያ የቆየነው በእምነታችን ምክንያት ነው ይሉ ነበር። ከእምነታቸው የወጣው ሥራ ግን ሙስሊሟንም ኦርቶዶክሷንም እኩል የሚቀበል ሆስፒታል ነው። አዲስ ልብስ ለመስጠት የእነሱን ጸሎት መጸለይ አያስፈልግም። የግል እምነት በሥራ ቦታ ሊኖረው የሚገባው መልክ ይህ ይመስለኛል፦ ሥሩ የባለቤቱ ነው፤ ፍሬው ግን ማንም ሊበላው የሚችል።

በዚህ በኩል እኛ ኢትዮጵያውያን ባዶ እጃችንን አይደለንም። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የምሳ ዕረፍት በአዘቦት ቀን ከ6፡30 እስከ 7፡30 ነው፤ ዓርብ ዓርብ ግን ከ5፡30 ጀምሮ እስከ 7፡30 ይቆያል፤ ሙስሊም ሠራተኞች ለጁምዓ ሶላት ደርሰው እንዲመለሱ። ክርስቲያኑም በዚያው ሰዓት ይወጣል፤ ማንም አይከፋውም። ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ ያልያዘ የመሥሪያ ቤት ካፌ አይገኝም። የሠራተኛ ድግስ ሲኖር ለሙስሊሙና ለክርስቲያኑ ሥጋው ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይቀርባል፤ አዘጋጁ ሁለቱንም ያስባል። በረመዳን ቀን ባልደረባው ፊት ውኃ ላለመጠጣት ወደ ሌላ ክፍል የሚሄድ ክርስቲያን ሞልቷል። አንድ ሠራተኛ ሐዘን ሲደርስበት የመሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ ሠራተኛውን ጭኖ ለቅሶ ያደርሳል፤ መዋጮው ያለ ሰብሳቢ ይሰበሰባል። በዚያ ሰዓት የጽዳት ሠራተኛዋና ዳይሬክተሩ አንድ ድንኳን ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ለቅሶ ላይ «እትዬ» ብሎ ያቀፋትን የጽዳት ሠራተኛ በማግስቱ ኮሪደር ላይ ሰላም ሳይላት የሚያልፍ ዳይሬክተር አለ። በድንኳኑ ውስጥ የነበረው ክብር ወደ ቢሮው ካልገባ፣ ሥራዋን አይቶ «አመሰግናለሁ» ካላላት፣ የውል ጉዳይዋ ለወራት ጠረጴዛው ላይ ከተኛ፣ ለቅሶው ወግ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። ባህላችን ከሐዘንና ከደስታ ቀን ወደ ሥራ ቀን እንዲሻገር የሚያደርገው ሰው ያስፈልገዋል፤ ያ ሰው ደግሞ አለቃ ቢሆን ጥሩ፣ ባይሆን ግን ማንም ሊሆን ይችላል። ማሚቱ ጋሼ አልጋ አንጣፊ ነበሩ።

አንድ እሴት እውነት መተላለፉ የሚፈተነው ባለቤቱ ከቦታው ሲነሳ ነው። ሐምሊኖች በአዲስ አበባ በወንዝ ዳር የራሳቸውን የፊስቱላ ሆስፒታል የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1974፣ አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት ነው። ብዙ የውጭ ዜጎች በሄዱበት በዚያ ዘመን እነሱ ቆዩ። ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሞቱ ሥራው ከባለቤቱ ጋር ሊቀበር ይችል ነበር። ዶክተር ካትሪን ቀጠሉ፤ ዘጠና ዓመት ካለፋቸው በኋላም ቀዶ ሕክምና ክፍል ይገቡ ነበር። ግን ብቻቸውን አልነበሩም፤ በእሳቸው እጅ የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞችና ነርሶች ሥራውን ተረክበው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ሙሉ በሙሉ ሊድኑ ላልቻሉ ሴቶች ደስታ መንደር ተከፈተ። እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 በነበሩት ዓመታት በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ተመሳሳይ ማዕከላት ተቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ2007 የሐምሊን አዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ ሥራ ጀመረ፤ ተማሪዎቹ ከገጠር ተመልምለው፣ ተመርቀው ወደ መጡበት አካባቢ ይመለሳሉ፤ ጉዳቱ ሳይደርስ እዚያው እንዲያቆሙት። ሁለቱ ሐኪሞች ከዚያ ሃምሳ ዓመት ገደማ ቀድመው ሊያቋቁሙ የመጡት ትምህርት ቤት በዚህ መልክ ተሠራ። ዶክተር ካትሪን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በዘጠና ስድስት ዓመታቸው አዲስ አበባ በሚገኘው ቤታቸው አረፉ። በዚያን ጊዜ ሆስፒታሉና ማዕከላቱ ያከሟቸው ሴቶች ቁጥር ከ60 ሺሕ በላይ ደርሶ ነበር። ሥራው ግን ከእሳቸው በኋላም ቀጠለ።

በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቁ ልጆች ወደ መሥሪያ ቤቶች ይገባሉ። ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ሳምንት የሚያሳልፉት አንድ ጥግ ወንበር ላይ ተቀምጠው ምን እንደሚሠሩ የሚነግራቸውን ሰው እየጠበቁ ነው፤ በዚያ ሳምንት ያዩትን ነገር ግን ለሠላሳ ዓመት ይሠሩበታል። ክፍል የምትመሩ ሰዎች፣ ዘንድሮ እንዲህ አድርጉ፦ አዲሱን ልጅ በመጀመሪያው ቀን ከጎናችሁ አስቀምጡት። ባለጉዳይ እንዴት እንደምታስተናግዱ ይይ። ፋይል ስትመልሱ ለምን እንደመለሳችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩት። ሳምንቱ ሳያልቅ ደግሞ እውነተኛ ሥራ በእጁ ስጡት፤ ሲሳሳት አጠገቡ ሁኑ። ነባር ባልደረቦችም እንዲሁ አድርጉ፤ ለዚህ የሥራ መደብ ማዕረግ አያስፈልግም።